የኮሌጅ ፉትቦል ጌም ምኑ ነው እውነተኛ? በየዓመቱስ ይገዛል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ15 ዓመት ልጄ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ጌም ይጫወታል። አምና 25 የሚለውን 70 ዶላር አውጥቼ ገዛሁለት። ዘንድሮ ደግሞ 26 ወጥቷል ብሎ ልቤን አውልቆኛል። ጓደኛው ቤት አስከፍቼ አየሁት። ሥዕሉም ያው፣ ጨዋታውም ያው ነው። ለምን ስለው ‹ይሄኛው የበለጠ ሪል ነው› ይለኛል። ስክሪን ላይ ያለ ነገር ምኑ ነው ሪል? ኳሱንም እየተማርኩበት ነው፣ ለስኮላርሺፕ ይጠቅመኛል ይላል። ኩባንያው ቁጥር እየቀያየረ ብር ከመሰብሰብ ውጪ ምን ይሠራል? በየዓመቱ መግዛት አለብኝ?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። በየዓመቱ መግዛት የለብዎትም። በሐምሌ፣ ገና በወጣበት ሳምንት፣ በሙሉ ዋጋ መግዛትማ ጨርሶ አያስፈልግም። ልጅዎ «ሪል ነው» ሲልዎት ግን አልዋሸም። የተለያየ ነገር እያያችሁ ነው። እርስዎ ያዩት ሥዕሉን ነው። ከአምናው ብዙ እንዳልተለወጠ የታዘቡትም ልክ ነው። ልጁ «ሪል» የሚለው ግን ሥዕሉን አይደለም። ሥራዬ የስፖርት ጌሞችን መፈተሽ ነው፤ ይህ ክርክር በብዙ ቤት ስላለ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ያሉት ቡድኖች 32 ናቸው። በኮሌጁ ከፍተኛ ዲቪዚዮን ግን በ2025 የተጫወቱት 136 ትምህርት ቤቶች ናቸው። 26 ሁሉንም ይዟል። ከእርስዎ ግዛት ብቻ አምስት አሉ፦ ቨርጂኒያ ቴክ፣ ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ቨርጂኒያ፣ ጄምስ ማዲሰን፣ ኦልድ ዶሚኒየን እና ሊበርቲ። እነዚህ ለልጅዎ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ያሉ ስሞች አይደሉም። የሰፈሩ ልጅ የገባባቸው፣ እሱም ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ሊያመለክትባቸው የሚችሉ ትምህርት ቤቶች ናቸው። የፕሮፌሽናል ቡድን ከተማ ይቀይራል። ኮሌጅ ግን ከቦታው አይነሳም። አባት የተማረበት ቦታ ልጁም ይማርበታል፣ ሁለቱም አንድ ቀለም ለብሰው አንድ ስታዲየም ይገባሉ። የኮሌጅ ፉትቦል ፍቅር ሥሩ እዚህ ነው፤ ጌሙም የሚሸጠው ይህን ነው።

እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የክሌምሰን ተጫዋቾች ሜዳ የሚገቡት ከኮረብታ እየሮጡ ወርደው ነው፤ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ድንጋይ ይዳስሳሉ። ኮሎራዶ ላይ ከቡድኑ ፊት እውነተኛ ጎሽ ይሮጣል። ቴኔሲ ላይ ማርሽ ባንዱ ሜዳው ላይ ተሰልፎ ትልቅ የ«ቲ» ፊደል ይሠራል፣ ተጫዋቾቹም በመሃሉ ሰንጥቀው ያልፋሉ። ብላክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ቴክ ላይ ደግሞ ቡድኑ ሲገባ ስታዲየሙ በሙሉ እየዘለለ ይቀበለዋል። ለማያውቀው ሰው ይህ ሁሉ ጌጥ ነው። ለሚያውቀው ግን ያለዚህ ጨዋታው አልተጀመረም። እስቲ አዲስ አበባ ስታዲየምን ያስቡት። የቡናና የጊዮርጊስ ደርቢ በጌም ተሠራ እንበል። ሜዳው፣ ማሊያው፣ የተጫዋቹ ፊት ሁሉ ቁርጥ ራሱን ይሁን። ደጋፊው ግን ዝም ብሎ ይቀመጥ። «ይሄ ደርቢ አይደለም» ብለው አይዘጉትም? ልጅዎም «ሪል» የሚለው ያንን የጎደለ ነገር ሲያገኘው ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ደግሞ ይህ ድባብ ወደ ጨዋታው ውስጥ የገባበት መንገድ ነው። በፉትቦል አጥቂው ቡድን አሥር ያርድ ወደፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ሦስተኛው ሙከራ ላይ የባለሜዳው ደጋፊ ጩኸቱን ይለቀዋል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ለጓደኞቹ የሚናገረው እንዳይሰማ ነው። በእውነተኛው ሜዳ በዚህ ሰዓት ተጫዋቾች በእጅ ምልክት ይግባባሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ቀድመው ይነቃነቃሉ። አምና የገዙለት 25 በ2024 ሲወጣ ለእንግዳ ቡድን የሚከብዱ ስታዲየሞችን በደረጃ አስቀምጧል። አንደኛ የሆነው ከ102 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ካይል ፊልድ ነው። እዚያ በእንግድነት ሲጫወቱ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል። ተቀባዮቹ የሚሮጡበትን መንገድ የሚያሳዩት መስመሮች ይወላገዳሉ፣ ለማንበብ ያስቸግራሉ። በመጨረሻ ሰዓት የቀየሩት ትዕዛዝ ለሁሉም ላይደርስ ይችላል። ገና አንደኛ ዓመት የሆነው ኳርተርባክ ይደናገጣል፤ አራተኛ ዓመቱ ይረጋጋል።

እዚህ ላይ የሚሠራውን ነገር ልብ ይበሉት። ሠሪዎቹ «እንግዳ ቡድን ስለሆንክ ጉልበትህ በዚህን ያህል ይቀንሳል» ብለው ቁጥር ብቻ መቀነስ ይችሉ ነበር። ቀላሉ መንገድ እሱ ነው፤ ብዙ የስፖርት ጌሞችም የሚያደርጉት ያንን ነው። እነዚህ ግን መንስኤውን ሠሩት። ተጫዋቹ ራሱ፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠው ልጅ፣ ግራ ይጋባል። ቡድኑ የሚያጠፋው ጆይስቲክ የያዘው ልጅ ስለተደናገጠ ነው። በጌም ሥራ ውስጥ እውነተኛነት የምለው ይህንን ነው።

ሥዕል ዋናው እንዳልሆነ ሌላ ማስረጃ አለ። ጌሙን የሚሠራው ኩባንያ፣ ኢኤ ስፖርትስ፣ በኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ማኅበር በኤንሲኤኤ ስም የተሰየመውን ኤንሲኤኤ ፉትቦል 14 በሐምሌ 2013 አወጣ። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ሙሉ አዲስ አልወጣም። ጌሙ የተሠራው ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 ነበር። ከእነሱ በኋላ ሁለት ትውልድ ማሽን መጣ። አፍቃሪዎቹ ግን አሮጌውን ማሽን አልጣሉም። በየክረምቱ ፈቃደኞች ተሰብስበው ከመቶ በላይ ቡድኖችን የተጫዋች ዝርዝር በእጃቸው ያስገቡ ነበር፤ ስም፣ ቁጥር፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ችሎታ። ሠርተውም በነጻ ይለዋወጡት ነበር። ያገለገለው ዲስክ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ አዲስ ከነበረበት ዋጋ በላይ ማለት ነው። ሥዕሉ አርጅቶ ነበር። ሰዎቹ ግን የገዛ ትምህርት ቤታቸው ያለበት ሌላ ጌም አላገኙም።

ለምን 11 ዓመት ቆመ? ብዙ ሰው ስላልተሸጠ ይመስለዋል። አይደለም። ያስቆመው ያው እውነተኛነቱ ነው። ይህ ጉዳይ ለወላጅም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በመልኩ ገንዘብ ማግኘት አይፈቀድለትም ነበር። ስለዚህ ጌሙ ስም አይጽፍም፤ «ኳርተርባክ ቁጥር 9» ብሎ ያልፋል። የቀረው ግን ሁሉ አለ። ሳም ኬለር የአሪዞና ስቴት ኳርተርባክ ነበር። 2005 በተባለው እትም የአሪዞና ስቴት ኳርተርባክ የእሱን ቁጥር፣ የእሱን ቁመትና ክብደት፣ የእሱን የፀጉር ቀለም፣ የመጣበትን ግዛት፣ የአጨዋወት ስልቱን ሳይቀር ይዞ ነበር። ኋላ ወደ ነብራስካ ሲዛወር ጌሙም ተከትሎት ሄደ። 08 በተባለው እትም ያልገጠመው የማሊያው ቁጥር ብቻ ነው። ኬለር ውድድሩ ሊጀመር ሲል ቁጥሩን ቀይሮ ነበር።

ኬለር በ2009 ከሰሰ። የሩትገርስ ኳርተርባክ የነበረው ራያን ሃርትም በተመሳሳይ ጉዳይ ክስ መሥርቶ ነበር። ኩባንያው «ጌም የፈጠራ ሥራ ነው፣ በሐሳብ ነጻነት ይጠበቃል» ብሎ ተከራከረ። በ2013 ሁለት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች፣ በግንቦት በሃርት፣ በሐምሌ በኬለር ጉዳይ፣ ክርክሩን አልተቀበሉም። ምክንያታቸው አጭር ነው። ጌሙ ተጫዋቹን ወደ ሌላ ነገር አልለወጠውም፤ ታዋቂ ያደረገውን ያንኑ ሥራ፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው መልክ ሲሠራ አሳየው። እውነት በመሰለ ቁጥር የሰውየው ንብረትነቱ ጎላ። ክሶቹ በድምሩ 60 ሚሊዮን ዶላር በሚሆን ስምምነት ተዘጉ፤ ከዚህ ውስጥ 40 ሚሊዮኑ ከኩባንያውና የኮሌጆቹን ፈቃድ ከሚሸጠው ድርጅት፣ 20 ሚሊዮኑ ከኤንሲኤኤ የመጣ ነው። ጌሙም ቆመ።

ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በሐምሌ 2024 ኮሌጅ ፉትቦል 25 ሲወጣ ከ11 ሺህ በላይ ተጫዋቾች ፈርመው ገቡ። ለእያንዳንዳቸው 600 ዶላርና አንድ የጌሙ ቅጂ ተሰጣቸው። ጌሙ በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ በብዛት ከተሸጡት ግንባር ቀደም ነበር፤ ከዚህ አንጻር 600 ዶላር ትንሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊርማው ግን ትልቅ ነገር ነው። የቴክሳሱ ኳርተርባክ አርክ ማኒንግ መጀመሪያ አልገባም አለ፤ ጌሙ ያለ እሱ ወጣ፤ ኋላ ሲስማማ ተጨመረ። አሁን ልጅዎ ስክሪኑ ላይ የሚያነበው ስም ባለቤቱ የፈቀደው ስም ነው። ልጅዎን አስቀምጠው ይህን ታሪክ ይንገሩት። የገዛ መልክ የገዛ ንብረት መሆኑን በዚህ ዕድሜው ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ይህ ፈቃድ ግን አንድ ዋጋ አስከፍሏል። ስሙ በውል የተገዛ ስለሆነ እንደ ድሮው ማንም እየገባ አይለውጠውም። በ25 ውስጥ የእውነተኛ ተጫዋቾችን ስምና ችሎታ ማስተካከል ተዘግቷል። 25ም ሆነ 26 ለኮምፒውተር አልወጡም፤ በፕሌይስቴሽን 5 እና በአዲሱ ኤክስቦክስ ብቻ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የ2013ቱን ጌም 11 ዓመት ያቆየው የፈቃደኞች ሥራ በእነዚህ ላይ በዚያ ስፋት አይቻልም። የአዲሱ ዓመት ዝርዝር ያለው አዲሱ ጌም ላይ ነው። «ብር ከመሰብሰብ ውጪ ምን ይሠራል?» ላሉት እውነት ያለው ክፍል ይኸኛው ነው።

ሌላው ክፍል ግን አያስኬድም። ቁጥር መቀየር ብቻ አይደለም፤ ኮሌጅ ራሱ በየዓመቱ ይለወጣል። አንድ ልጅ በተለመደው መንገድ የሚጫወተው አራት ዓመት ነው። በዚያ ላይ አሁን ዝውውሩ ነጻ ስለሆነ አንድ ቡድን በአንድ ክረምት ብዙ ሰው ሊቀይር ይችላል። ሊጎቹም ይገለባበጣሉ። በ2024 ብቻ ቴክሳስና ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ ገቡ። ዩኤስሲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን ሄዱ። ለዋንጫ የሚያልፉት ቡድኖች ከ4 ወደ 12 አደጉ። የ2023ን ካርታ የያዘ ጌም በ2024 ውሸት ይሆን ነበር። ከ25 ወደ 26 የተጨመረውን ከጠየቁኝ፣ ዋናው አሠልጣኞቹ ናቸው። በ25 ውስጥ አሠልጣኞቹ የተፈጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ በ26 ከ300 በላይ እውነተኛ አሠልጣኞች ገብተዋል። ደላዌርና ሚዙሪ ስቴት የሚባሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተጨምረዋል። አንድ ተጫዋች ይዘው የሚጓዙበት ሮድ ቱ ግሎሪ የተባለው ክፍልም አሁን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀምራል። ቀላል አይደለም። በየዓመቱ 70 ዶላር ያስወጣል ወይ ከተባለ ግን አያስወጣም።

ምክንያቱን ልጅዎ ራሱ ሊነግርዎት ይችላል። ብዙዎቹ አፍቃሪዎች የሚጫወቱት ዳይናስቲ የሚባለውን ክፍል ነው። እዚያ አሠልጣኝ ይሆኑና ትምህርት ቤት ይረከባሉ። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይመለምላሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ያስመርቃሉ። እስከ 30 የውድድር ዓመት ይሄዳል። አሁን ልብ ይበሉ። ዳይናስቲው ሲጀመር እውነተኛ ስም ያላቸው ተጫዋቾች ሁሉ በአራትና በአምስት የውድድር ዓመት ውስጥ ይመረቃሉ። የሚተኳቸው ጌሙ የፈጠራቸው ልጆች ናቸው። ልጅዎ ሰባተኛው ዓመት ላይ ከደረሰ በቡድኑ ውስጥ አንድም በእውን ያለ ተጫዋች የለም። ለእሱ ግን አሁንም «ሪል» ነው፤ ምክንያቱም እነዚያን ልጆች የመለመላቸው እሱ ነው። የዚያን ጊዜ አዲሱ የተጫዋች ዝርዝር ምንም አይጨምርለትም። እንዲያውም ያጎድልበታል፤ አሮጌው ዳይናስቲ ወደ አዲሱ ጌም አይተላለፍምና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ በመጀመሪያ «ዳይናስቲህ ስንተኛ ዓመት ላይ ነው?» ይበሉት።

ወደ ትምህርቱ ጉዳይ ልምጣ። «ኳሱን እየተማርኩበት ነው» ያለው በከፊል እውነት ነው። የኮሌጁ ሜዳ ከፕሮፌሽናሉ የሚለይበት ነገር አለ፤ ጌሙም በትክክል ይዞታል። የሜዳው ስፋት በሁለቱም 160 ጫማ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ የሚጀመረው ግን በሁለት ረድፍ አጫጭር ምልክቶች መካከል ነው። በኮሌጅ እነዚህ ረድፎች 40 ጫማ ይራራቃሉ፤ በፕሮፌሽናሉ 18 ጫማ ተኩል ብቻ። ስለዚህ በኮሌጅ ኳሱ አንዱ ምልክት ላይ ሲቆም በአንድ በኩል 60 ጫማ፣ በሌላው 100 ጫማ ይቀራል። 18 ሜትርና 30 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ሰፊ ወገን ሁሉንም ነገር ይለውጣል። ተከላካዩ ሰፊውን ይሸፍን ወይስ ጠባቡን? ፈጣን ልጅ በሰፊው በኩል ቢወጣስ? የኔቪና የአርሚ ቡድኖች እስከ ዛሬ የሚጫወቱት ኦፕሽን የተባለው ስልት እንዲህ ያለውን ክፍት ቦታ ይወዳል። ኳርተርባኩ አንድ ተከላካይ ሆን ብሎ ሳይታገድ ይተወዋል፤ ያ ሰው ወደየት እንደሚሄድ ያያል፤ እሱ ወደ መሃል ሲገባ ኳሱን ይዞ ወደ ውጭ ይሮጣል፣ ወደ ውጭ ሲወጣ ለመሃሉ ሯጭ ይሰጣል። ይህን በጌሙ ላይ የተለማመደ ልጅ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ሲያይ ሌላው ያላየውን ያያል። ከኋላ የቆሙት ተከላካዮች አንድ ናቸው ሁለት ብሎ መቁጠር፣ ሰዓት ማስተዳደር፣ በስንተኛው ሙከራ ስንት ያርድ እንደቀረ አስቦ መወሰን፤ ይህ ሁሉ ይገባዋል።

ስኮላርሺፕ ግን ሌላ ነው። ጌሙ ማየትን ያስተምራል እንጂ ሰውነትን አያስተምርም። የእግር አጣጣል፣ ሰው ጥሎ መያዝ፣ ሲወድቁ ራስን መጠበቅ የሚለመደው ሜዳ ላይ፣ አሠልጣኝ ባለበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፉትቦል የሚጫወቱት ልጆች ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ከእነዚህ በኤንሲኤኤ ኮሌጆች በየትኛውም ደረጃ የሚጫወቱት ከመቶ ሰባት ገደማ ናቸው። ሁሉም ደግሞ ሙሉ ስኮላርሺፕ አያገኙም። ልጅዎ ለስኮላርሺፕ ካሰበ የሒሳብ ውጤቱ ከጌሙ ይልቅ ይረዳዋል።

እዚህ ላይ በጣም የምጠነቀቅበት ነገር አለ። ጌሙ በጣም እውነት የሚመስለውን ያህል አንድ ቦታ ላይ እውነቱን አይናገርም፤ ሰውነት ላይ። እርግጥ 25 ሲወጣ የመዳከም ሥርዓት ገብቶለታል። የተመታው የሰውነት ክፍል ይመዘገባል፣ ምቱ ሲደጋገም ተጫዋቹ ይዝላል፣ አቅሙ ይወርዳል። ጥሩ ነው። የጭንቅላት ጉዳትን ክብደት ግን አያሳይም። ተጫዋቾቹ እየተጋጩ ይወድቁና ተነስተው ይሮጣሉ። በእውነተኛው ፉትቦል የጭንቅላት መናወጥ የታወቀ አደጋ ነው፤ ሲደጋገም በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ልጅዎ በጌሙ ተነሳስቶ «ትምህርት ቤት ቡድን ልግባ» ካለና ወረቀት እንዲፈርሙለት ካመጣ፣ ጌሙ ላይ ባዩት አይፍረዱ። ሐኪሙን ያማክሩ። አሠልጣኙንም ልጅ ጭንቅላቱን ሲመታ ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቁት። ትምህርቱም እንዲሁ ነው። ጌሙ ውስጥ የክፍል ውጤት አለ፣ ግን አንድ ቁልፍ ተጭነው የሚያስተካክሉት ነገር ነው። የእውነተኛውን ተማሪ ሌሊት አያሳይም።

ስለ ገንዘቡ አንድ ቦታ ላይ ቆምጨጭ ይበሉ። አልቲሜት ቲም የሚባል ክፍል አለ። እዚያ በካርድ መልክ ተጫዋቾች ይሰበሰባሉ። ካርዱ ያለበት ጥቅል በእውነተኛ ገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ ውስጡ ማን እንደሚወጣ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ዕጣ ነው ማለት ነው። ከእውነተኛነትም ከሁሉ የራቀው ክፍል ይኸው ነው፤ የድሮና የዘንድሮ ተጫዋቾች፣ የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ልጆች አንድ ቡድን ውስጥ ይቀላቀላሉ። ልጅዎ «ሪል» ስለሆነ ነው የምወደው ካለ እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም የሚፈልገው ነገር የለም። 70 ዶላሩ አንዴ ወጥቶ ያልቃል፤ ይህኛው በየሳምንቱ ይጠይቃል። በፕሌይስቴሽንም በኤክስቦክስም የልጁን አካውንት ከእርስዎ ጋር አያይዘው የወር ወጪውን ዜሮ ማድረግ ወይም ያለ ፈቃድዎ እንዳይገዛ መዝጋት ይቻላል። የባንክ ካርድዎ ማሽኑ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ዛሬውኑ ያድርጉት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሁለት ዓመት ለአንድ ጌም ይስጡት። ዘንድሮ 25ን ይጫወት፤ ከ26 የሚቀጥለው ሲመጣ ይገዛለታል። ይህ ካልተዋጠልዎት ደግሞ 26ን እስከ ኅዳር መጨረሻው የታንክስጊቪንግ በዓል ያቆዩት። ብዙውን ጊዜ በዚያ ሰሞን የስፖርት ጌሞች ዋጋ ደህና ይወርዳል። በሐምሌ የነበሩት ብልሽቶችም እስከዚያ ይታረማሉ። ሲገዙም ተራውን ይግዙ። ውዱ እትም የሚጨምረው ሦስት ቀን ቀድሞ መጀመርና የአልቲሜት ቲም ነጥብ ነው፤ ሁለቱም አይጠቅሙትም።

እስከዚያው አምና የገዙለት ጌም ራሱ የበለጠ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጆች በቀላሉ ደረጃ እየተጫወቱ 70 ለ 3 ያሸንፋሉ። ይህ ምኑም እውነት አይደለም። ከፍ ያለውን፣ ኦል አሜሪካን የተባለውን ደረጃ ይምረጥ። የእያንዳንዱን ሩብ ጨዋታ ጊዜ እስከ 10 ደቂቃ ያስረዝመው፣ ሰዓቱን የሚያፋጥነውንም ያብራው፤ ያኔ ውጤቱ ቅዳሜ ከሚያየው ጋር ይቀራረባል። ከኃያሎቹ ቡድኖች አንዱን ከመያዝም ከትንንሾቹ አንዱን ይረከብ። ኦልድ ዶሚኒየንን ይዞ ሦስት ዓመት ለፍቶ አንድ ትልቅ ቡድን ማሸነፍ በዚህ ጌም ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የተሻለው ነው። ኦንላይን ከማያውቀው ሰው ጋር መግጠሙን ይቀንስ። እዚያ ብዙው ሰው አንድ የሚሠራ ጨዋታ አግኝቶ እሱኑ ይደጋግማል፤ አራተኛ ሙከራ ላይ ኳሱን በእግሩ መትቶ አያርቅም። አሠልጣኝ እንደዚያ አይጫወትም።

ምክሬ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። ዳይናስቲን እስከ 32 ሰው ሆኖ ኦንላይን መጫወት ይቻላል። ልጅዎ ከአጎቱ ልጆችና ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሊግ ካለው፣ እነሱም ወደ 26 ከተሻገሩ፣ እሱ 25 ላይ ብቻውን ይቀራል፤ የሁለት ዓመት ጌሞች እርስ በርስ አይገናኙምና። የዚያን ጊዜ የሚገዙለት የተጫዋች ዝርዝር ሳይሆን ጓደኞቹን ነው፤ እኔ ብሆን እገዛለታለሁ። ግን በወሬ አይሁን። ሊጉን ከፍቶ ያሳይዎት፤ ስንቶቹ እንደተሻገሩ በስም ይቁጠርልዎት፤ ከግማሽ በታች ከሆኑ ታንክስጊቪንግን ይጠብቅ።